ከመንዝ ባና እስከ ፖሊስታይሪን፦ የሞለኪውል ሰንሰለቶች አደራደር

በመንዝና በግሼ ደጋ የበግ ጸጉር ተነድፎና ተፈትሎ ባናና በርኖስ ይሠራበታል። ለመሆኑ ይህን ጸጉር ከቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ከሚወጣው ነጭ ፎም ጋር ምን ያዛምደዋል? ሁለቱም ፖሊመሮች ናቸው። ፖሊመር ማለት ትንንሽ ሞለኪውሎች እንደ ሰንሰለት እየተያያዙ የሚፈጥሩት ረዥም ሞለኪውል ነው። የሁለቱንም ጠባይ የሚወስነው የሰንሰለቶቹ አደራደር መሆኑን ቀጥለን እንመለከታለን።

ሥርዓት ያለውና የሌለው ሰንሰለት

ፎሙ የሚሠራው ከፖሊስታይሪን ነው። በዚህ ሰንሰለት ላይ ከየሁለቱ የካርቦን አቶሞች አንዱ ባለ ስድስት ካርቦን ቀለበት ይሸከማል። ቀለበቶቹ ያለ ሥርዓት ግራና ቀኝ ከተበተኑ ሰንሰለቶቹ ተስተካክለው ሊደረደሩ ስለማይችሉ ክሪስታል አይሠሩም። የዘወትሩ ፖሊስታይሪን እንዲህ ያለ ነው። ስለዚህም ቁርጥ ያለ የመቅለጫ ነጥብ የለውም፤ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች እንደ መስተዋት ግትር ሲሆን ከዚያ በላይ ይለሰልሳል። ይህ ወሰን መስተዋታዊ ሽግግር ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ1955 ጣሊያናዊው ጁልዮ ናታና ባልደረቦቹ ቀለበቶቹ ሁሉ በአንድ ወገን የተሰለፉበትን ፖሊስታይሪን አስተዋወቁ። ቀለበቶቹ እንዳይጋፉ ሰንሰለቱ በየሦስቱ አሃድ አንድ ዙር ይጠመዘዛል፤ ጠመዝማዞቹም ጎን ለጎን ተደርድረው በ240 ዲግሪ ገደማ የሚቀልጥ ክሪስታል ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1985 በጃፓን የተገኘው፣ ቀለበቶቹ በየተራ ግራና ቀኝ የሚቀመጡበት ዓይነት ደግሞ የሚቀልጠው በ270 ዲግሪ ገደማ ነው። ሆኖም በሁለቱም ውስጥ ክሪስታል ያልሆነ ክፍል ይቀራል፤ እርሱም በ100 ዲግሪ ገደማ ይለሰልሳል።

የበግ ጸጉር ጠመዝማዛ

የበግ ጸጉርም በአንድነት ሥርዓት ያለውና የሌለው ክፍል አለው። ጸጉሩ ኬራቲን ከተባለ ፕሮቲን የተሠራ ሲሆን፣ በክሪስታላዊው ክፍል ሰንሰለቱ በአንድ ዙር 3.6 አሚኖ አሲዶች እያስገባ ይጠመዘዛል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዊልያም አስትበሪ በሊድስ ዩኒቨርሲቲ ሱፍን በኤክስሬይ መርምሮ፣ እርጥብ ጸጉር ሲለጠጥ አደራደሩ እንደሚለወጥ፣ ሲለቀቅም እንደሚመለስ አሳየ። የጠመዝማዛውን ትክክለኛ ቅርጽ ላይነስ ፖሊንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1951 አብራሩ።

ሙቀት ለአንዱ፣ ውኃ ለሌላው

ፖሊስታይሪን ውኃ አይመጥም፤ የሚያለሰልሰው ሙቀት ነው። ሱፍ ግን ከደረቅ ክብደቱ ሲሶ የሚያህል እርጥበት ሊይዝ ይችላል። ውኃው ሥርዓት በሌለው ክፍል ገብቶ ሰንሰለቶቹን ያያያዘውን የሃይድሮጂን ትስስር ያላላል። በዚህም ምክንያት የደረቅ ሱፍ መስተዋታዊ ሽግግር 170 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ሳለ፣ ውኃ የጠገበው ሱፍ ከ0 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ስለዚህ በደጋው ብርድ እንኳ የራሰ ባና ሰንሰለቶቹ ይንቀሳቀሳሉ።

የታጠበ ባና ገመድ ላይ ታጥፎ ቢደርቅ እጥፋቱ የሚቀረው ለዚህ ነው፤ ውኃው ሲወጣ ሰንሰለቶቹ ባሉበት ይገተራሉ። መድኃኒቱም ከዚሁ ይገኛል፦ ባናውን እንደገና አርሶ፣ ቅርጹን አስተካክሎ፣ በተስተካከለ ስፍራ ዘርግቶ ማስጣት ነው።