የፋብሪካ መዘጋት ሥጋት በቮልስዋገን፦ የወጪና የሥልጣን ጥያቄ

ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 በጀርመን ፋብሪካ እስከ መዝጋት ሊደርስ እንደሚችል ያስታወቀው በዋናነት ከገበያው በላይ የማምረት አቅም ስላለው ነው። ፋብሪካ ከአቅሙ በታች ሲያመርት ቋሚ ወጪው በጥቂት መኪኖች ላይ ስለሚከፋፈል የእያንዳንዱ መኪና ማምረቻ ወጪ ይንራል።

ውሳኔው ግን የሒሳብ ብቻ አይደለም። የተቆጣጣሪ ቦርዱን ግማሽ መቀመጫ የሠራተኛ ተወካዮች ይይዛሉ፤ የታችኛው ሳክሶኒ ክልላዊ መንግሥትም 20 በመቶ የባለአክሲዮኖች ድምፅ አለው። በታኅሣሥ 2024 የተደረሰው ስምምነትም ፋብሪካዎችን ወዲያው ከመዝጋት ይልቅ እስከ 2030 ከ35,000 በላይ የሥራ መደቦችን ቀስ በቀስ መቀነስን መረጠ። በአንጻሩ ከ2026 ጀምሮ ዓመታዊው የተለማማጆች ቅበላ ከ1,400 ወደ 600 እንዲወርድ ተወሰነ። ስለዚህ የሸክሙ አንድ ክፍል ዛሬ በሥራ ላይ ካሉት ሠራተኞች ይልቅ ገና ሥራ ባልያዙት ወጣቶች ላይ ዐርፏል።