አስማተኞች እንዴት ይማራሉ? ከልብ ወለድ ደሴት ለተማሪ የሚተርፍ ትምህርት

«አስማት» የሚለው ቃል በግዕዝ የ«ስም» ብዙ ቁጥር ነው፤ ጥሬ ትርጉሙም «ስሞች» ማለት ነው። የአንድን ነገር ስም ማወቅ በነገሩ ላይ ሥልጣን ያስገኛል የሚለው ጥንታዊ እምነት በቃሉ ውስጥ ተቀብሮ ይገኛል። አሜሪካዊቷ ደራሲ ኡርሱላ ለጉዊን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመችው «ኤ ዊዛርድ ኦቭ ኧርዝሲ» በተሰኘው ልብ ወለዷ ይህንኑ እምነት የአንድ ሙሉ ዓለም የተፈጥሮ ሕግ አድርጋዋለች። ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ የዚያ ዓለም አስማተኞች እንዴት እንደሚሠለጥኑ እንቃኛለን፤ አሠለጣጠናቸውንም ሳይንስ ስለ ማስታወስ ከደረሰበት ጋር እናነጻጽራለን። ፈተና ለሚጠብቀው ተማሪ ጉዳዩ ከመዝናኛነት ያልፋል።

የሮክ ደሴት ትምህርት ቤት

ኧርዝሲ በባሕር ላይ የተበተኑ የብዙ ደሴቶች ዓለም ነው። የታሪኩ ባለቤት ጌድ፣ ጎንት በተባለች ተራራማ ደሴት ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ነበር። የመጀመሪያውን የአስማት ቃል የሰማው ከአክስቱ ሲሆን፣ ቃሉ ፍየሎችን የሚጠራ ነበር። በኋላ ኦጂዮን የተባለ ዝምተኛ ጠቢብ በደቀ መዝሙርነት ተቀበለው። ጠቢቡ ከኃይል ይልቅ ትዕግሥትን ስላስቀደመ፣ ችኩሉ ጌድ ወደ ሮክ ደሴት መሄድን መረጠ።

በሮክ ዘጠኝ ሊቃውንት አሉ። አንዱ የነፋስን፣ አንዱ የዕፅዋትን፣ አንዱ ዓይንን የማታለልን፣ ሌላው ነገርን ከነባሕርይው የመለወጥን ጥበብ ያስተምራል። ትምህርቱን የፈጸመ በትር ይቀበላል። እጅግ አድካሚው ግን የስም ትምህርት ነው። ተማሪዎች ለብቻው በቆመ ግንብ ውስጥ ተቀምጠው በጥንታዊው ቋንቋ የተጻፉ ረጃጅም የስም ዝርዝሮችን በቃል ያጠናሉ። እኩለ ሌሊት ሲሆን በብራናው ላይ ያለው ቀለም ይጠፋል፤ ገጹም ባዶ ይሆናል።

ቀለሙ በእኛም ዘንድ ይጠፋል

ይህ ቅጣት ከእውነታው የራቀ አይደለም። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ ትርጉም አልባ ክፍለ ቃላትን በረድፍ እያዘጋጀ በራሱ ላይ ሙከራ አድርጎ ነበር። ከአንድ ቀን በኋላ ዝርዝሩን ዳግም ሲያጠና፣ ከመጀመሪያው ድካም የቀነሰለት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቻ ነበር፤ ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ አንድ አምስተኛ ያህል። መርሳት መጀመሪያ ፈጣን፣ ኋላ ግን ዘገምተኛ ነው።

ታዲያ መፍትሔው ደጋግሞ ማንበብ ነውን? ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ጥናት መልስ ይሰጣል። አንደኛው የተማሪዎች ቡድን አንድን ምንባብ በአራት የጥናት ክፍለ ጊዜያት በአማካይ 14 ጊዜ ያህል አነበበ። ሌላው በአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ 3 ጊዜ ያህል አንብቦ፣ በቀሩት ሦስት ክፍለ ጊዜያት ምንባቡን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ በተደረገው ፈተና አንባቢዎቹ 83 በመቶ ሲያስታውሱ ጸሐፊዎቹ 71 በመቶ አስታወሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን አንባቢዎቹ ወደ 40 በመቶ ወረዱ፤ ጸሐፊዎቹ 61 በመቶ ያዙ። ይበልጥ የሚያስገርመው፣ አብልጠን እናስታውሳለን ብለው የተማመኑት አንባቢዎቹ መሆናቸው ነው። ድግግሞሽ ጽሑፉን ያለማምዳል፤ መልመድንም እንደ ማወቅ እንቆጥረዋለን።

የግንቡ ባዶ ገጽ ትርጉም እዚህ ላይ ይገለጣል። በብራናው መታመን ያልቻለ ተማሪ በራሱ አእምሮ ለመታመን ይገደዳል። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርትም ተማሪው መጽሐፍ ሳይገልጥ የተማረውን በቃሉ ለመምህሩ ማሰማቱ የቆየ ሥርዓት ነው።

የሚረሳው አስማተኛ

ከዚህ ተቃራኒ የሆነ አስማተኛም አለ። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በተባለው ጨዋታ፣ አስማተኛው ድግምቱን ከመጽሐፉ ያጠናል፤ አንድ ጊዜ ሲጠቀምበት ግን ከአእምሮው ይጠፋል። ሐሳቡ የተወሰደው ጃክ ቫንስ እ.ኤ.አ. በ1950 ካሳተመው «ዘ ዳይንግ ኧርዝ» ነው። የእኛ አእምሮ ሕግ የዚህ ግልባጭ ነው፤ የተጠቀምንበት ዕውቀት ይጠነክራል፣ ያልተጠቀምንበት ይደበዝዛል።

ይሁንና ጨዋታው አንድ እውነት ይዟል። በመጀመሪያው ሕግ መሠረት አስማተኛው ሁለተኛ ደረጃ የሚደርሰው በ2,500 የልምድ ነጥብ ነው፤ ሦስተኛው 5,000፣ አራተኛው 10,000፣ አምስተኛው 20,000 ይጠይቃል። በእውነተኛው ዓለምም በልምምድ የሚገኝ ለውጥ መጀመሪያ ፈጣን ሲሆን፣ እየቆየ ትንሽ እርምጃ ብዙ ድካም ይጠይቃል።

ተሰጥኦና ትዕግሥት

ጌድ ከእኩዮቹ ሁሉ የላቀ ተሰጥኦ ነበረው። ሆኖም በእልህ ተነሣሥቶ ገና ያልበሰለበትን ጥበብ ሲሞክር ክፉ ጥላ ወደ ዓለም ለቀቀ፤ ያን በር ለመዝጋት የታገሉት አረጋዊው ሊቀ ጠበብት ሕይወታቸውን አጡ። ችሎታው አልጎደለም፤ የጎደለው አቅሙን መመዘኛ ነበር።

ለእኛ ያ መመዘኛ ርካሽ ነው። ዛሬ ማታ አንድ ምዕራፍ ካነበባችሁ በኋላ ደብተሩን ዘግታችሁ በባዶ ወረቀት ላይ የያዛችሁትን ጻፉ፤ ከዚያም ገልጣችሁ የጎደለውን አርሙ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ያንኑ ድገሙ። ከፈተናው ሌሊት በፊት ያልያዛችሁትን የሚነግራችሁ ያ ባዶ ወረቀት ነው።