የልብ ምት ፋታ በሰከንድ ርዝማኔ ብቻ አይመዘንም

ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው ጤና ተቋም ሲደርስ የልቡ ምት ብዙውን ጊዜ ወደ ነበረበት ተመልሶ ይገኛል። የተለመደው የኢሲጂ ምርመራ የሚመዘግበው የ10 ሰከንድ ያህል ምት ብቻ በመሆኑ አልፎ አልፎ የሚከሰት ችግርን ላያሳይ ይችላል። በመሆኑም ሕመምተኛው የዕለት ሥራውን እያከናወነ ለ24 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ የሚይዘው ሆልተር የተሰኘ መመዝገቢያ ይታዘዝለታል። መሣሪያው የተሰየመው በፈልሳፊው አሜሪካዊ ኖርማን ሆልተር ነው።

በደቂቃ 60 ጊዜ በሚመታ ልብ በሁለት ምቶች መካከል 1 ሰከንድ ያልፋል። ይህ ጊዜ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲሆን በውጤቱ ላይ ፋታ ተብሎ ይጠቀሳል። ይሁን እንጂ ፋታ መታየቱ ብቻውን የበሽታ ማረጋገጫ አይደለም።

በቅድሚያ የሚጣራው የፋታው እውነተኛነት ነው። ከደረት የላላ ሽቦ ልብ የቆመ አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል። ቀጥሎ የሚታየው ሰዓቱ ነው። በወጣቶችና በስፖርተኞች ላይ በእንቅልፍ ወቅት የሚታይ ፋታ ብዙውን ጊዜ ጉዳት የለውም። እንቅልፍ ላይ ትንፋሹ የሚቋረጥ ሰው ግን ለዚሁ ችግር መመርመር ይኖርበታል። እንደ ፕሮፕራኖሎልና ዲጎክሲን ያሉ መድኃኒቶችም ምትን ስለሚያዘገዩ መጠናቸው በሐኪም ይታያል፤ በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው።

ዋናው መመዘኛ ፋታው ከሕመም ስሜት ጋር መገጣጠሙ ነው። የምት አስጀማሪው የልብ ክፍል ሲዳከም ፔስሜከር ለመትከል የሚያበቃ የተወሰነ የሰከንድ መጠን እንደሌለ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች መመሪያ ይገልጻል። በአንጻሩ ከላይኛው ወደ ታችኛው የልብ ክፍል የሚተላለፈው መልእክት ሙሉ በሙሉ ከተቋረጠና መንስኤው የማይወገድ ከሆነ፣ ሕመም ባይሰማም መሣሪያው እንዲተከል ይመከራል።

በአዊ ዞን ከምትገኘው አዘና የሚነሳ ሕመምተኛ ለከፍተኛ ምርመራ በእንጅባራ በኩል እስከ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሊላክ ይችላል። ድካሙና ወጪው ከንቱ እንዳይቀር የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ይዞ መሄድ፣ መሣሪያው በሚቆይበት ጊዜም የተኛበትን፣ የዞረበትንና የወደቀበትን ሰዓት መጻፍ ይኖርበታል። መጻፍ ለማይችል ቤተሰብ ሊመዘግብለት ይችላል። ሰዓቱ ካልተጻፈ ሐኪሙ ፋታውን ቢያገኝም ለውድቀቱ ምክንያት መሆኑን ለመለየት ይቸገራል።