ስለ አልጌ ዘይትና ስለ ናፍጣ ሞተር

ባለፈው ክረምት በሰፈራችን ናፍጣ ጠፍቶ የወፍጮው ሞተር ስለ ቆመ እናቴ ሌሊቱን በድንጋይ ወፍጮ ስትፈጭ አደረች። ናፍጣን የሚተካ ነገር ይኖር እንደ ሆነ መመርመር የጀመርሁት ያን ጊዜ ነው፤ ካገኘሁትም ውስጥ ስለ አልጌ ጥቂት ላስረዳ እወዳለሁ።

አልጌ ማለት በቆመ ውሃ ላይ የምናየው አረንጓዴ ነገር ነው። አንዳንዱ ወገን በሰውነቱ ዘይት ያከማቻል። አረንጓዴ ሁሉ ግን ዘይታም አይደለም፤ በቢሾፍቱ አጠገብ ያለውን አረንጓዴ ሐይቅ ለብዙ ዘመን ያቀለመው ስፒሩሊና ከነዳጅ ይልቅ ለምግብ ይሻላል።

ዘይቱ እንዳለ ወደ ሞተር ቢገባ ወፍራም ስለ ሆነ ኖዝሉን ይደፍናል። ስለዚህ ከሜታኖልና ከጥቂት ኮስቲክ ሶዳ ጋር ይዋሐዳል፤ ግሊሰሪኑ ከታች ሲዘቅጥ ከላይ የሚቀረው ቀጭን ፈሳሽ ባዮዲዝል ይባላል። ከመቶው 20 እጅ ባዮዲዝል፣ 80 እጅ ናፍጣ ቢሆን አብዛኛው የናፍጣ ሞተር ሳይለወጥ ይሠራበታል። ጥላሸቱ ይቀንሳል፤ ጉልበቱም የሚያንሰው በጥቂቱ ነው።

መንግሥታችን በ2007 እ.ኤ.አ. የባዮፊውል ስትራቴጂ ሲያወጣ ለባዮዲዝል ብዙ ተስፋ የተጣለው በጃትሮፋ ላይ ነበር። ጃትሮፋ መሬት ይሻል፤ አልጌ ግን በገንዳ ስለሚያድግ የጤፋችንንና የድንቻችንን እርሻ አይሻማም።

ለደብረ ታቦር የሚያሰጋው ብርዱ ነው። ከተማችን 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች፣ ባዮዲዝል እንደ ዘይቱ ዓይነት በኅዳር ሌሊት እንደ ቅቤ ሊረጋ ይችላል።

ይህን ሁሉ ለወፍጮው ባለቤት ስነግራቸው በጸጥታ ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ ዋጋውስ?» አሉኝ። አልጌውን ከውሃ ለይቶ ማድረቅና ዘይቱን ማውጣት ብዙ ኃይል ስለሚፈጅ እስከ ዛሬ ከናፍጣ እጅግ ይወደዳል አልኋቸው።

«እንግዲያውስ ለጊዜው የድንጋዩን ወፍጮ አትጣሉት» ብለው ሳቁ።