ተራራና ወንዝ በወሎ የቃል ግጥም

የወሎ የቃል ግጥም ከአገሩ መልክዓ ምድር ተነጥሎ አይገኝም። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ እንኳ፣ አምባሰልና ባቲ፣ በቦታ ስም ይጠራሉ፤ የቀሩት ትዝታና አንቺሆዬ ናቸው። አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን ያለ ተራራማ አገር ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ፣ ወደ አፋር መውረጃው ላይ ያለች፣ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት። ግጥሙ በማሲንቆ፣ በክራር ወይም በዋሽንት ታጅቦ ይዜማል፤ ማሪቱ ለገሰን ያደመጠ አምባሰልን ለመለየት ሌላ አስተማሪ አያሻውም።

አሠራሩ ግልጽ ነው። ሁለት ስንኞች ቤት መትተው አንድ ሐሳብ ይዘጋሉ። በወል ቤት እያንዳንዱ ስንኝ 12 ቀለም ይዞ መሐሉ ላይ ለሁለት ይከፈላል። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ስንኝ ተራራ፣ ወንዝ ወይም ደመና ይጠራል፤ ሁለተኛው ወደ ሰው ጉዳይ ይዞራል።

ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ስንኝ «ለቤት መምቻ የገባ ነው» ይባልና ይታለፋል። እንዲህ የሚለው ሰው ግን አገሩን ያላየ ነው። ቦርከናን መውሰድ ይበቃል። ወንዙ ከደሴ ዙሪያ ደጋ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ሐርቡና ወደ ጨፋ ሜዳ ይወርዳል፤ መጨረሻው አዋሽ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ሐርቡ ከሁለቱም ዝቅ ብላ ቆላው ላይ ትገኛለች። ክረምት ላይ ደጋው ሲዘንብበት ሐርቡ ጠብታ ሳይነካት ውሃው ደፍርሶ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ቦርከና ሞላ ብሎ የሚጀምር ስንኝ ሁለት ነገር ይዟል፦ ላይ ቤት አንድ ነገር ሆኗል፤ መሻገሪያውም ተዘግቷል። ድልድይ በሌለበት ዘመን የወንዝ መሙላት ገበያተኛን ያስቀራል፣ መልእክተኛን ወዲያ ማዶ ያሳድራል። ሁለተኛው ስንኝ ወዳጄ ቀረብኝ ሲል ምክንያቱ ቀድሞ ተነግሯል። ቦርከናን አውጥቶ ዓባይን ቢተኩ ቤቱ ላይፈርስ ይችላል፤ የሐርቡ ሰው ግን የት ቆሞ እንደሚናገር ይጠፋል።

አምባሰልም እንዲሁ ነው። የነገሥታቱ ዘሮች ለዙፋን እንዳይሻሙ ይታሰሩበት የነበረው አምባ ግሸን ያለው በዚሁ አገር ነው። ተራራው መለያየትን ለመናገር ቢመረጥ አያስገርምም።

ይህ ክርክር የወሎ ብቻ አይደለም። 305 ግጥሞች ያሉት ጥንታዊው የቻይና የመዝሙራት መጽሐፍም ብዙ ጊዜ በወፍ፣ በዛፍ ወይም በወንዝ ጀምሮ ወደ ሰው ያልፋል፤ መክፈቻው ከቀጣዩ ጋር ምን እንደሚያገናኘው የቻይና ሊቃውንት ለዘመናት ተከራክረውበታል። በኋላ ሺዬ ሊንግዩን (385–433 እ.ኤ.አ.) ተራራንና ውሃን ራሳቸውን የግጥም ርእስ አደረጋቸው። በታንግ ዘመን ደግሞ ዋንግ ዌይ በመኖሪያው ሸለቆ ያሉ 20 ቦታዎችን መርጦ ለእያንዳንዱ ባለ አራት ስንኝ ግጥም ጻፈ፤ ወዳጁ ፔይ ዲ ለሁሉም መልስ ሰጠበት። በአንዱ ግጥም ያለው ጠቅላላ ቀለም 20 ብቻ ነው፤ ከሁለት የወል ቤት ስንኞች እንኳ ያንሳል። ልዩነቱ የቻይናዎቹ ሹማምንት በብሩሽ ጽፈው ማስቀመጣቸው ነው። የወሎው ገበሬና እረኛ በቃሉ ስለሚገጥም ሥራው በአድማጩ እጅ ነው፤ አድማጩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቸልተኛ ነው። አንዳንዱ ዘፋኝ የቦታውን ስም እንደ ተመቸው ይለውጣል። አንዳንዱ ሰብሳቢ «ቁም ነገሩ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው» ብሎ የመጀመሪያውን ስንኝ ይቆርጣል።

ከሽማግሌ አፍ ግጥም የሚቀዳ ሰው ሁለቱንም ስንኝ ይጻፍ፤ የተጠራው ወንዝ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚወርድ፣ ተራራውም ከየትኛው መንደር እንደሚታይ ጠይቆ ከጎኑ ያስፍር።