የቡና እጣቢና የእርሻ መሬት

ቡናችን በዓለም ገበያ ከሚከበርባቸው ምክንያቶች አንዱ በውሃ ታጥቦ መዘጋጀቱ ነው። በሲዳማ፣ በጌዴኦና በጅማ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት የቡና መፈልፈያዎች በብርቱ ይሠራሉ። 1 ኪሎ የታጠበ ጥሬ ቡና ለማግኘት ከ5 እስከ 6 ኪሎ የሚደርስ እሸት ቡና ያስፈልጋል። ቡናው ወደ ገበያ ይሄዳል፤ ልጣጩና እጣቢው ግን ከመንደሩ ይቀራሉ። ዛሬ ልንመረምር ያሰብነው ይህንኑ እጣቢ ነው።

እጣቢው በውስጡ ከእሸቱ የወጣ ስኳርና ዝልግልግ ነገር አለበት፤ ፖታሲየም የተባለው የሰብል ምግብም አይጎድለውም። ይሁን እንጂ ወደ ወንዝ ሲለቀቅ ረቂቅ ተሐዋስያን ስኳሩን ሲበሉ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሱታል። ዓሣው ይሞታል፤ ወንዙም ይሸታል። ከታች ያለችው እናት እንስራዋን የምትሞላው ደግሞ ከዚሁ ወንዝ ነው። እንግዲህ ወደ እርሻ ቢመለስ አይሻልምን?

ይሻላል፤ ነገር ግን በሥርዓት ሲሆን ነው። እጣቢው ኮምጣጣ ነው፤ በፒኤች መለኪያ 4 ገደማ ይሆናል። የነዚያ አገሮች ቀይ አፈርም በብዙ ቦታ ቀድሞውኑ ኮምጣጣ ነው። የአፈሩ ልክ ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ የሰብሉን ሥር ይጎዳል። ሁለተኛው ጉዳት ረኃብ ነው፤ ይኸውም ተሐዋስያኑ ስኳሩን ሲበሉ ናይትሮጂንን ከአፈሩ ስለሚሻሙ የበቆሎው ቅጠል ቢጫ ይሆናል። ይህ ግን ጊዜያዊ ነው፤ ተሐዋስያኑ ሲሞቱ የወሰዱትን ለአፈሩ ይመልሳሉ።

ስለዚህ አንደኛ፣ እጣቢው በጉድጓድ ተጠራቅሞ ይዝቀጥ፤ ኮምጣጣነቱም በኖራ ይብረድ። ሁለተኛ፣ በንጹሕ ውሃ ተበርዞ ዘር ከመዘራቱ ከሳምንታት በፊት በባዶ መሬት ላይ ይፍሰስ እንጂ በቡቃያ ላይ አይፍሰስ። በቆሎ በብዙ ስፍራ የሚዘራው ከመጋቢት ወዲህ በመሆኑ ጊዜው ራሱ ይረዳል። ሦስተኛ፣ ውሃ በሚተኛበት መሬትና በወንዝ ዳር አይፍሰስ። አራተኛ፣ ገበሬው በመጀመሪያ በአንድ መደብ ብቻ ይሞክር፤ እጣቢ ካልጠጣው መደብ ጋርም ያስተያየው።

የሥራ ኃላፊዎችም የመፈልፈያ ፈቃድ ሲሰጡ ምን ያህል ቡና እንደሚፈለፈል ብቻ ሳይሆን እጣቢው ወዴት እንደሚወርድ መጠየቅ ይገባቸዋል። ቡናው የሚያስገኘው ገንዘብ ለጥቂቶች ሲደርስ፣ ወንዙና አፈሩ ግን የሁሉም ቤተሰብ ጓዳ ናቸውና።