የመመረቂያ ጽሑፎችን ከመደርደሪያ አውጥቶ ለተመራማሪዎች የሚያደርስ አገልግሎት

በዮርዳኖስ ዋና ከተማ አማን የሚገኘው የዮርዳኖስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1962 የተመሠረተ፣ የሀገሪቱ የመጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ለራሱ ተማሪዎች ከሚሰጠው አገልግሎት ባሻገር፣ በዐረብ ሀገራት ዩኒቨርሲቲዎች የሚዘጋጁ የማስተርስና የዶክትሬት መመረቂያ ጽሑፎች የሚሰባሰቡበት ማዕከል ነው።

የመመረቂያ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቅጂ ታትሞ በአንድ ተቋም መደርደሪያ ላይ ይቀራል። በሌላ ሀገር የተሠራውን ጥናት ያላወቀ ተማሪም ያንኑ ሥራ በመድገም ጊዜውንና ገንዘቡን ሊያባክን ይችላል።

የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይህን ችግር በቴክኖሎጂ የሚያቃልሉት በተለይ በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ዲጂታል ካታሎግ ሲሆን፣ ተማሪው በርዕስ፣ በአጥኚው ስም ወይም በቁልፍ ቃል ፈልጎ ቀደምት ጥናቶችን እንዲያገኝ ያስችለዋል። ሁለተኛው የርቀት አገልግሎት ነው። የምርምር መጽሔት አሳታሚዎች ደንበኛ ዩኒቨርሲቲን በአብዛኛው የሚለዩት በኢንተርኔት አድራሻው ነው። ተማሪው ከግቢ ውጭ በሚሆንበት ጊዜ የቤተ መጻሕፍቱ ሰርቨር ማንነቱን በይለፍ ቃል አረጋግጦ፣ በዩኒቨርሲቲው አድራሻ በኩል ወደ መጽሔቶቹ ያስገባዋል።

በኢትዮጵያም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎቹን የመመረቂያ ጽሑፎች በዲጂታል ማከማቻው አማካኝነት በኢንተርኔት ተደራሽ አድርጓል።

ይሁን እንጂ ጽሑፉን ኢንተርኔት ላይ መጫን ብቻውን በቂ አይደለም። ርዕሱ፣ ዓመተ ምሕረቱና ቁልፍ ቃላቱ በትክክል ካልተመዘገቡ ፈላጊው ሊያገኘው አይችልም። በመሆኑም የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ጥንቃቄ የተሞላበት ምዝገባ ዛሬም የአገልግሎቱ መሠረት ነው።